«በጣም ጥሩ ነው» አሉኝ፤ ታዲያ ምኑን ላሻሽል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዓምድ፣ ለ26 ዓመት ፊልምና ድምፅ ሲቆርጡና ሲቀጥሉ የኖሩት፣ ዛሬ ኤዲቲንግ የሚያስተምሩት ባልደረባችን ከተማሪዎች ለሚደርሷቸው ጥያቄዎች መልስ ይሰጣሉ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህርት። የጋዜጠኝነት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ለመመረቂያ የ11 ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም ሠርተናል። ባለታሪካችን የቤተ መጻሕፍታችን የሌሊት ጥበቃ ናቸው። ተማሪው ሁሉ ወጥቶ ሲያልቅ እሳቸው መጽሐፍ ይዘው እስኪነጋ ያነባሉ። መምህራችን «የተመልካች አስተያየት ሰብስቡ፣ በዚያ መሠረት ፊልሙን አሻሽሉ፣ ያሻሻላችሁትንም በሪፖርት አሳዩ» ብለውናል። ስለዚህ 14 የክፍላችንን ልጆች ጠርተን አሳየንና አሥር ጥያቄ ያለበት ወረቀት አደልናቸው። ዘጠኙ «በጣም ጥሩ ነው» ብለው ብቻ መለሱ። ከቀሩት አምስቱ ሁለቱ ይረዝማል አሉ፤ አንዱ ደግሞ አጠረብኝ አለ። አንዷ «ሙዚቃው ይጮኻል» ብላ ጻፈች። አምስተኛው «ተራኪዋን ቀይሯት» ይላል። ተራኪዋ እኔ ነኝ። ካሜራ የያዘው ጓደኛችን «ሥራው የእኛ ነው፤ ሰው ባለ ቁጥር አንቆራርጠውም» ብሎ አኩርፎናል። ለማስረከብ ስድስት ሳምንት ቀርቶናል። የፊልሙን ቅጂ ከደብዳቤው ጋር ልኬልዎታለሁ። የማንን እንስማ?

መልስ፦ ከዘጠኙ «በጣም ጥሩ ነው» ልጀምር። እሱ አስተያየት አይደለም፤ ሰላምታ ነው። «እንዴት አደርሽ» ሲሉሽ «እግዜር ይመስገን» እንደምትዪው ነው፤ ሌሊቱን ሲያምሽ አድረሽም ቢሆን ትዪዋለሽ። ልጆቹ ዋሹ አልልም። ግን አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ ወረቀት ትሰበስቢያለሽ፣ ጓደኛሽ ፕሮጀክተሩን ይነቅላል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ የእነሱን ሥራ አይተሽ አስተያየት የምትሰጪው አንቺ ነሽ። በዚህ መሀል «አራተኛው ደቂቃ ላይ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ» ብሎ የሚጽፍ ማን ነው? ይሉኝታ አፍ ብቻ የሚይዝ ይመስለናል፤ እስክሪብቶም ይይዛል።

ሌላም አለ። አሥራ አራቱም ሰውዬውን ያውቋቸዋል። በየማታው «ደህና ይደሩ» ብለዋቸው የወጡ ልጆች ናቸው። ፊልማችሁ የተወውን ሁሉ ከራሳቸው ትዝታ እየሞሉ ነው ያዩት። ጉድጓዱን ለማየት መንገዱን የማያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

ይህን በራሴ ደርሶብኝ ነው የማውቀው። ተማሪ ሳለሁ የ9 ደቂቃ አጭር ፊልም ሠርቼ ነበር። ሁለት ወንድማማቾች ይጣላሉ፤ ታናሽየው ሻንጣውን አንጠልጥሎ ይወጣል፤ ታላቁ መስኮቱ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ አለቀ። ልጁ ከበሩ ሲወጣ ምስሉን ወደ ነጭ ፌድ አደረግኩት፤ ማለትም ቀስ እያለ ነጥቶ እንዲጠፋ አደረግኩት። ምክንያት ነበረኝ? አልነበረኝም፤ ነጭ ፌድ የተማርነው በዚያው ሳምንት ነው። ለሰባት ሰዎች አሳየሁ። መብራቱ ሲበራ ክፍሉን የሚያጸዱልን ሴትዮ ዓይናቸውን እየጠረጉ «ምስኪን፣ ምን ገደለው?» አሉኝ። ማንም አልሞተም እኮ! በውስጤ ተናደድኩ፤ ፊልም ስለማያውቁ ነው ብዬም ተውኩት። በኋላ ሌሎቹን አንድ በአንድ ስጠይቅ ከሰባቱ አራቱ ልጁ ሞቷል ብለው ነው የሄዱት። ከሴትዮዋ በቀር ሦስቱ «ምናልባት እኔ ነኝ ያልገባኝ» ብለው ዝም ብለዋል። ኩራቴ አሸነፈኝና እንዳለ አስረከብኩት። መምህሬ ከውጤቱ ሥር «ለሟቹ ሐዘን በቂ ጊዜ አልሰጠሽም» ብለው ጻፉልኝ።

ሴትዮዋ ያደረጉልኝን ልብ በዪ። «ፌዱን አውጪው» አላሉኝም፤ ፌድ የሚባል ነገር መኖሩንም አያውቁም። የነገሩኝ የገባቸውን ነው፣ ያውም በትክክል። ተመልካች የት እንዳመመው ያውቃል። ስለ ሕመሙ ተከራክረሽ ልትረቺው አትችዪም፤ አመመኝ ያለ ሰው አሞታል። መድኃኒቱን ግን ብዙ ጊዜ ይስታል። «ተራኪዋን ቀይሯት» ሕመም አይደለም፣ የመድኃኒት ማዘዣ ነው። እንዲህ ያለ ማዘዣ ሲመጣልሽ በጨዋ ደንብ ተቀበዪና «ይህ የተሰማህ ስንተኛው ደቂቃ ላይ ነው?» ብለሽ ወደ ሕመሙ መልሺው።

የሆሊውዱ ዳይሬክተር ቢሊ ዋይልደር «ሰንሴት ቡሌቫርድ»ን፣ እ.ኤ.አ. በ1950 የወጣውን ፊልም፣ መጀመሪያ የከፈተው በሬሳ ክፍል ነበር። ሟቾቹ ተጋድመው እርስ በርስ ያወራሉ። ኢሊኖይ ውስጥ ኢቫንስተን በምትባል ከተማ ለሙከራ ሲታይ፣ የሬሳው እግር ጣት ላይ ስም የተጻፈበት ካርድ ሲታሰር አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ዋይልደር የፈለገው ሳቅ አልነበረም። ትዕይንቱን ከነጭራሹ አውጥቶ ፊልሙን በሚከንፉ የፖሊስ መኪናዎችና መዋኛ ገንዳ ላይ በተንሳፈፈ ሬሳ አስጀመረው። ከዚያ ሁሉ ተመልካች «ገንዳ አድርገው» ያለው አንድም የለም። ያለ ቦታው ሳቁበት፣ በቃ። ገንዳውን ያመጣው እሱ ነው።

ስለዚህ አሥር ጥያቄ ያለበትን ወረቀት ተዪውና ሌላ ማሳያ አዘጋጂ። አምስት ሰው ይበቃሻል፤ ግን ሰውዬውንም አንቺንም የማያውቁ ይሁኑ። ከሌላ ትምህርት ክፍል አምጪ፤ አንድ ሁለቱ በዕድሜ ራቅ ይበሉ። አምስት ካነሰብሽ፣ ያኮብ ኒልሰን የሚባለው የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2000 የጻፈውን ልንገርሽ፦ አምስት ሰው ብቻ ቢፈተን ከችግሮቹ 85 በመቶ ያህሉ ይወጣሉ፤ ለ15 ሰው አንዴ ከማሳየት ደግሞ በየመሀሉ እያስተካከሉ ለአምስት አምስት ሰው ሦስት ጊዜ ማሳየት ይበልጣል። እሱ የሚያወራው ስለ ድረ ገጽ ስለሆነ ቁጥሩን ለፊልም እንዳለ አልወስደውም። ሦስት ዙር የሚለውን ግን ዓይኔን ሳላሽ እወስደዋለሁ። በየዙሩ አዲስ ሰው ይሁን። አንዴ ያየ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ሲያይ ነገሩ የገባው ካሻሻልሽው ፊልም ይሁን ከትናንትናው አይለይም።

ታይም ኮዱን፣ ደቂቃና ሰከንድ የሚቆጥረውን ቁጥር፣ ከስክሪኑ ጥግ በትንሹ አስገቢው። ከመጀመርሽ በፊት ምንም አታስረጂ። «ድምፁ ገና አልተስተካከለም»፣ «ጊዜ አጥሮን ነው»፣ «ይቅርታ»፣ አንዳቸውም አይባሉም። ይቅርታ የጠየቅሽው ሰው ያዝንልሻል፤ ያዘነልሽ ሰው ደግሞ እውነቱን አይነግርሽም። መብራቱ ሲጠፋ ፊልሙን አትዪው፣ መቶ ጊዜ አይተሽዋል። ከጎን ተቀምጠሽ ሰዎቹን እዪ። ደብተርሽ ላይ ደቂቃውንና የሆነውን ብቻ ጻፊ። 2፡10 ሁለቱ ፈገግ አሉ። 4፡05 አንዱ ስልኩን ገልበጥ አድርጎ አየ። 6፡30 የሚንቀሳቀስ የለም። ይህን የመጨረሻውን አክብቢበት፤ ሰዎቹ ስትጠይቂያቸው ስለዚያች ደቂቃ ምንም አይሉሽም ይሆናል።

ሰውን ከመጠየቅ ማየት እንደሚሻል በደንብ ያሳዩት የሕፃናት ፕሮግራም ሰዎች ናቸው። በአንድ መንገድ ላይ ሰዎችና አሻንጉሊቶች የሚታዩበት የአሜሪካ የልጆች ቴሌቪዥን ፕሮግራም «ሰሳሚ ስትሪት» እ.ኤ.አ. በ1969 ከመጀመሩ በፊት ኤድዋርድ ፓልመር የሚባል ተመራማሪ ልጆቹን የሚፈትንበት መላ አጣ፤ ሕፃን መጠይቅ አይሞላማ። ከቴሌቪዥኑ ጎን በየ7 ሰከንድ ተኩል ስላይድ የሚቀይር ሌላ ማሳያ አቆመ። ልጁ ዓይኑን ከፕሮግራሙ አንስቶ ወደ ስላይዱ ባዞረ ቁጥር ይመዘገባል። አሻንጉሊቶቹ ሲመጡ ልጆቹ ይነቃሉ፤ ሰዎች ብቻቸውን መንገዱ ላይ ሲያወሩ ወደ ስላይዱ ይዞራሉ። ባለሙያዎች ሰውና አሻንጉሊት እንዳይቀላቀሉ መክረው ነበር፤ አዘጋጆቹ ግን የልጆቹን ዓይን አምነው ቀላቀሏቸው። ትልቁ ቢጫ ወፍ ቢግ በርድ እንዲያ ነው ወደዚያ መንገድ የወጣው። የአንቺ ተመልካቾች ደግሞ ስላይዳቸውን በኪሳቸው ይዘውልሽ ይመጣሉ። ስለዚህ «ስልካችሁን አጥፉ» እንዳትያቸው፤ መለኪያሽን ነው የምታጠፊው።

ሲያልቅ ከማውራታቸው በፊት ይጻፉ። አንዱ ደፈር ያለ «ሙዚቃው…» ብሎ ከጀመረ ቀሪው ስለ ሙዚቃ ብቻ ነው የሚያወራው። ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ፊልሙን ላላየ ጓደኛህ በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገረው። ሐሳብህ ወደ ሌላ የሄደው የት ላይ ነው? ሳይገባህ የቀረ፣ ለመጠየቅም ያፈርክበት ነገር አለ? የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ይመስላል እንጂ ከሦስቱ እሱ ይበልጥብኛል። አምስቱ ሰዎች አምስት የተለያየ ፊልም ከነገሩሽ፣ ሙዚቃና ትረካ ከመነካካትሽ በፊት ሌላ ሥራ አለብሽ። «ምን ብንቀይር ይሻላል?» ብለሽ ግን አትጠይቂ፤ ማዘዣ ይዘንብብሻል። ሲናገሩም አትመልሺ። «እሱማ እንደዚያ የሆነው…» ብለሽ አፍሽን የከፈትሽ ቀን አስተያየት መሰብሰቡ አበቃ፤ ከዚያ በኋላ የሚሰበሰበው ማስተባበያ ነው።

አሁን ወደ አምስቱ አስተያየቶች። የላክሽውን ቅጂ ሁለት ጊዜ አየሁት።

«ይረዝማል» እና «አጠረብኝ» ተጣልተው ይሆናል ብለሽ ሰግተሻል፤ አልተጣሉም። ሰውዬው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚናገሩት 1 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ሕንፃው ከፊት፣ ሕንፃው ከጎን፣ ደረጃው፣ አምፖሉ ሲጠፋ፣ በሩ፣ እንደገና ሕንፃው። ቆንጆ ቆንጆ ሾቶች ናቸው፤ እኔም ሰዓቴን አየሁ። ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ደግሞ ሰውዬው መጽሐፉን ወደ መብራቱ አስጠግተው «ይቺን ገጽ ሦስት ጊዜ አንብቤያታለሁ፤ አሁንም አልለቀቀችኝም» ይላሉ፤ ጣታቸው ገጹ ላይ ነው። እናንተ ግን በአራት ሰከንድ ቆርጣችሁ ወደ ትረካ ሄዳችሁ! ምን አጣደፋችሁ? ረዘመ ያሉሽ የመጀመሪያውን፣ አጠረ ያለሽ ይህን ይመስለኛል። ግምቴ ስለሆነ ሄደሽ ጠይቂያቸው። ግምቴ ልክ ከሆነ ከመግቢያው 50 ሰከንድ አውጥተሽ ገጹ ላይ 15 ሰከንድ ብትጨምሪ ሁለቱንም ወገን ታስደስቻለሽ።

«ሙዚቃው ይጮኻል» ያለችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት። አንድ ለ14 ነው ብለሽ እንዳትንቂያት። ስለ ድምፅ፣ ስለ ፊደል ግድፈት፣ ስለ ተሳሳተ ስም አንድ ምስክር ይበቃል፤ ሄደሽ ታረጋግጫለሽ፣ ወይ አለ ወይ የለም። ብዙ ምስክር የሚያስፈልገው ስለ ጣዕም ሲሆን ነው። አረጋገጥኩልሽ፤ ልጅቱ ልክ ናት። ሙዚቃውን ዝቅ ማድረግ ግን የችግሩን ግማሽ ብቻ ይፈታል። የሰውዬው ድምፅ የተቀዳው ካሜራው ላይ ባለው ማይክ ይመስለኛል፤ ርቋል፣ ክፍሉም ያስተጋባል። በዚያ ላይ ከሥሩ ያስገባችሁት ግጥም ያለው ዘፈን ነው። ጆሮ ሁለት ሰው እኩል ሲናገር አንዱን ይጥላል፤ እዚህ የጣለው ባለታሪካችሁን ነው። ንግግር ባለበት ቦታ ግጥም የሌለው ሙዚቃ አድርጊ። አንድ ማታ ከተገኘልሽም ተመልሰሽ ድምፃቸውን ብቻ ቅጂ፤ ማይኩ ከአፋቸው አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ። ስታስተካክዪ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ አትስሚ፤ በስልክ ስፒከርም ስሚው። አብዛኛው ሰው የሚሰማው በእሱ ነው።

«ተራኪዋን ቀይሯት» ያለው ልጅ እንዳመመሽ ከእጅ ጽሕፈትሽ አይቻለሁ፤ «ተራኪዋ እኔ ነኝ» የምትለው ቃል ላይ እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊበሳው ደርሷል። ድምፅሽ ደህና ነው፣ ልጄ። ያስቸገረው የምትዪው ነገር ነው። «ማንበብ ይወዳሉ» ትያለሽ፤ ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ እሳቸው «ማንበብ እወዳለሁ» ይላሉ። «ሌሊቱ ጸጥ ያለ ነው» ትያለሽ፤ ጸጥታውን የሰበርሽው አንቺ ነሽ። 19 ዓረፍተ ነገር ቆጠርኩ፤ ሰባቱ ብቻ ሌላ ሰው የማይነግረንን ይነግሩናል። ለሁለተኛው ዙር ሰባቷን ብቻ አስቀርተሽ አሳዪ። «ተራኪዋን ቀይሯት» የሚል እንደገና ከመጣ ያን ጊዜ እናወራለን፤ እኔ ግን አይመጣም ባይ ነኝ።

የካሜራማኑን ነገር ቀላል አድርጌ አላየውም። አስተያየት የሚገድለው ሥራም አለ። ዳይሬክተሩ ኦርሰን ዌልስ «ዘ ማግኒፊሰንት አምበርሰንስ» የተባለውን ፊልም እ.ኤ.አ. በ1942 ሠርቶ ብራዚል ለሌላ ቀረጻ እንደሄደ፣ ስቱዲዮው አርኬኦ ካሊፎርኒያ ፖሞና ላይ ለሙከራ አሳየው። ብዙው ተመልካች ጠላው፤ ሳቁበትም። ስቱዲዮው ደንግጦ ከ40 ደቂቃ በላይ ቆረጠ፣ መጨረሻውንም ደስ የሚል አድርጎ በሌላ ሰው አስቀረጸ። የተቆረጠው ፊልም ተወገደ፤ ዛሬም አልተገኘም። ስለዚህ ለካሜራማኑ ሁለት ነገር ስጪው። አንደኛ፣ አንድ ሾት ከመነካቱ በፊት የፕሮጀክቱ ፋይል ኮፒ ይደረግ፤ ቀኑ ይጻፍበትና ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጥ። ሕንፃዎቹ የትም አይሄዱበትም። ሁለተኛ፣ አራታችሁ ተቀምጣችሁ ፊልሙ ስለምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉና ተስማሙ። «ማንም በማያይበት ሰዓት የሚማር ሰው» ልትሉ ትችላላችሁ። አስተያየት ሲመጣ ጥያቄው «ወደድነው ወይ?» መሆኑ ይቀርና «ይህቺን ዓረፍተ ነገር ይረዳታል ወይ?» ይሆናል። ዓረፍተ ነገሯን ራሷን የጠላ ተመልካች ከገጠማችሁ አመስግናችሁ ሸኙት፤ ፊልሙ የእሱ አይደለም። ኩርፊያውን ለማብረድ ደግሞ በሚቀጥለው ማሳያ ከጎን ተቀምጦ ሰዎቹን የሚያየው እሱ ይሁን። የሰው ፊት ማየት ሥራው ነው። አራተኛው ሕንፃ ላይ የአምስት ሰው ዓይን ወደ ታች ሲወርድ በገዛ ዓይኑ ካየ መቀሱን ራሱ ያነሳል።

አንድ ተመልካች ግን ረስታችኋል። ባለታሪካችሁ ፊልሙን አይተውታል? ደብዳቤሽ ምንም አይልም። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ በሩ ከኋላቸው ገርበብ ብሎ እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ሲያነቡ ይታያሉ። ለእናንተ ያምራል። ለአለቃቸው ግን «ጥበቃው በሥራ ሰዓት በር ከፍቶ መጽሐፍ ያነባል» የሚል ማስረጃ ነው። ከሁሉም በፊት፣ ከአምስቱም እንግዶች በፊት፣ ለብቻቸው አሳዩአቸው። «ይህቺን አውጡልኝ» ካሉ የምትከራከሩበት አይደለም፤ ያመመህ የት ነው የሚለው ጨዋታዬም ለእሳቸው አይሠራም። እንጀራቸው ነው።

ስለ ሪፖርቱ ብዙ አልልም። ምን ተባለ፣ በስንተኛው ደቂቃ፣ በስንት ሰው፣ እኛ ምን ይመስለናል፣ ምን አደረግን፣ ያላደረግነውስ ለምን የሚል ሠንጠረዥ ሥሪ። የመጨረሻውን ዓምድ ባዶ አትተዪ፤ እኔ ሳርም መጀመሪያ የማነበው እሱን ነው። መምህራችሁ ንድፈ ሐሳብ ከፈለጉ የባህል ጥናት ምሁሩ ስቱዋርት ሆል እ.ኤ.አ. በ1973 ያቀረበው ይሆንሻል። ተመልካች መልእክቱን እንዳለ ሊቀበል፣ ከፊሉን ተቀብሎ ከፊሉን ሊደራደርበት፣ ወይም ጨርሶ ሊቃወመው ይችላል ይላል። ላልሞተው ልጄ ያለቀሱልኝ ሴትዮ የትኛው ውስጥ እንደሚገቡ እስከ ዛሬ አልለየልኝም።

ጥያቄ፦ እኔና ጓደኛዬ በየሳምንቱ የ25 ደቂቃ ፖድካስት ለትምህርት ቤታችን እናዘጋጃለን። ምን እንደምናሻሽል ለማወቅ 22 ጥያቄ ያለው መጠይቅ ለ60 ሰው ላክን። ስድስት ሰው ብቻ መለሰ፤ ስድስቱም ጓደኞቻችን ናቸው። ሰው አስተያየት እንዲሰጥ ምን ማድረግ አለብን?

መልስ፦ ሃያ ሁለት! ስድስቱ ልጆች እውነተኛ ጓደኞቻችሁ ናቸው፤ አትጡአቸው።

መላኩን ተወውና አብረህ ስማ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ፖል ላዛርስፌልድና ፍራንክ ስታንተን የሚባሉ ተመራማሪዎች የሬዲዮ አድማጮችን ሰብስበው በእጃቸው ሁለት ቁልፍ ሰጧቸው። ደስ ሲልህ አረንጓዴውን፣ ሲከፋህ ቀዩን ትጫናለህ፤ ዝም ካልክ መሀል ነህ ማለት ነው። መሣሪያው ሁሉንም ከፕሮግራሙ ሰዓት ጋር እያመሳሰለ ወረቀት ላይ ያሰምር ነበር። የእናንተ መሣሪያ አረንጓዴና ቀይ ካርድ ነው። አራት ሰው አስቀምጡ፣ ፕሮግራሙን ክፈቱ፣ ካርድ በተነሳ ቁጥር ደቂቃውን ጻፉ። ሲያልቅ ስለ 25 ደቂቃው አትጠይቁ፤ «እዚህ ጋ ቀይ ያነሳኸው ምን ሰምተህ ነው?» በሉ። ሰው ስለ አንድ ደቂቃ ሲጠየቅ ይናገራል፤ ስለ ሁሉም ሲጠየቅ «ጥሩ ነው» ይላል።

በማግስቱ ለአራቱም ደውሉና ትናንት ከሰሙት ምን እንደሚያስታውሱ ጠይቁ። ከ25 ደቂቃ የተረፈችው ነገር ምናልባት እንግዳችሁ በመሀል የጣላት አንዲት ቀልድ ትሆናለች። ያ ራሱ መልስ ነው።

የላክልኝን አንድ ክፍል ሰማሁት፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደቂቃዎች እርስ በርስ ሰላም ስትባባሉ ትጨርሷቸዋላችሁ። የምትጠቀሙበት መተግበሪያ አድማጭ የት ላይ እንደሚያቋርጥ የሚያሳይ ከሆነ ግራፉን ክፈትና ሦስተኛው ደቂቃ ጋ ምን እንደሚመስል እይልኝ። መጨረሻ ላይ ደግሞ «አስተያየታችሁን ላኩልን» ትላላችሁ። ለዚህ ማንም አይጽፍም። «እንግዳችን ፈተና ሳይኖር መማር ይቻላል አሉ፤ ትስማማላችሁ?» ብትሉ ይጻፍላችኋል። አንድ ሰው ጽፎላችሁ ነገር ካስተካከላችሁም በሚቀጥለው ሳምንት በማይክ ተናገሩት። የተሰማ ሰው ደግሞ ይጽፋል፣ ጎረቤቱንም ያስጽፋል።

ጥያቄ፦ የመጽሔት ሽፋንና አራት ገጽ ዲዛይን ሠርቻለሁ። ቢያንስ አሥር ሰው አስተያየት እንዲሰጥበት ታዝዘናል። እስካሁን ሦስት ሰው ብቻ ነው ያየልኝ። ቀሪዎቹን ሰባት አስተያየቶች ራሴ ብጽፋቸው ማን ያውቃል?

መልስ፦ አራሚው ያውቃል። ባለፉት ዓመታት የፈጠራ አስተያየት ብዙ አንብቤያለሁ፤ ሁሉም መንታ ናቸው። ዓረፍተ ነገራቸው ሙሉ ነው፣ አራት ነጥባቸው በቦታው ነው፣ ቅሬታቸው ደግሞ ሁልጊዜ ተማሪው ቀድሞ ያስተካከለውን ነገር ነው። እውነተኛ ተመልካች ያልተጠየቀውን ነው የሚያወራው። ከተማሪዎቼ አንዷ ከሰበሰበቻቸው ወረቀቶች አንዱ ላይ «ሽፋኑ ላይ ያለው ልጅ አጎቴን ይመስላል፤ ስለዚህ አላመንኩትም» ተብሎ ተጽፏል። ይህን ቁጭ ብሎ የሚፈጥር ሰው ካለ ዲዛይኑን ትቶ ልቦለድ ይጻፍ።

ደግሞስ የአንተ ሥራ ፊልም አይደለም፤ ሰው ለማስቀመጥ አትቸገርም። ሽፋኑን ለአምስት ሰከንድ አሳየውና ሸፍነው። «ስለምን ነው? ዓይንህ መጀመሪያ የት አረፈ? ያነበብከው የመጀመሪያ ቃል ምንድን ነው?» በለው። ከዚያ ገጾቹን ስጠውና የሚዘልለውን ገጽ እይ። ለአንድ ሰው ሁለት ደቂቃ ነው። ሰባት ሰው በሁለት ደቂቃ ሲባዛ 14 ደቂቃ፤ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ከዚያ በላይ ወስዶብሃል።